ኮምፓይለሩ «ስህተት» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ፕሮግራም መጻፍ የሚማር ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ጊዜውን የሚፈጀው ኮድ በመጻፍ ብቻ አይደለም፤ የጻፈው ለምን ተቀባይነት እንዳጣ በመፈለግ ጭምር ነው። በቤይ ኤሪያ ያለው ሐበሻ ተማሪ ደግሞ ይህን የሚያደርገው ደክሞት ነው። ቀኑን ኡበር ሲነዳ፣ አረጋውያን ሲንከባከብ ወይም መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ይውላል። ኦክላንድ ሌኒ ኮሌጅ ወይም ሳን ሆዜ ሲቲ ኮሌጅ የተሰጠውን የቤት ሥራ ይዞ የሚቀመጠው ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሃያ መስመር ይጽፋል፤ ኮምፓይለሩ አርባ መስመር ቀይ ጽሑፍ ይመልስለታል። «ይሄ ነገር ለእኔ አይደለም» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡ ልክ አይደለም። እነዚያ አርባ መስመሮች የሚነበቡ ናቸው፤ ቅርጻቸው አይለዋወጥም፣ የሚጠቀሙባቸው ቃላትም ጥቂት ናቸው። ችግሩ ማንበቡን የሚያስተምር ሰው መጥፋቱ ነው። ብዙዎቹ ኮርሶች ኮድ መጻፍን ያስተምሩና የስህተት መልእክት ማንበብን ተማሪው ራሱ ይደርስበታል ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መሰጠት ያለበት ትምህርት ነው እላለሁ። (ከኮድና ከመልእክት የምጠቅሳቸውን ቃላት እንደ አነባበባቸው በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ ስክሪን ላይ የምታዩአቸው በላቲን ፊደል ነው።)

ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽን ወደሚሠራበት ትእዛዝ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ሥራውን በደረጃ ይሠራል። መጀመሪያ ፊደላቱን ሰብስቦ ቃል፣ ቁጥርና ምልክት እያለ ይለያቸዋል። ቀጥሎ እነዚህ በቋንቋው ሰዋስው መሠረት መደርደራቸውን ያያል። ሰዋስው ከተስተካከለ ወደ ትርጉሙ ይገባል፦ ይህ ስም ከዚህ በፊት ተዋውቋል ወይ? ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ጽሑፍ ገብቷል ወይ? ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ የማሽኑን ትእዛዝ ያወጣል። በሲና በሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ ሊንከር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ተከትሎ ቁርጥራጮቹን ይገጣጥማል። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ የስህተት ዓይነት አለው። መልእክቱ ከየትኛው ደረጃ እንደመጣ የለየ ሰው የት መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።

ሰዋስው ስል በትክክል የተጻፈ ሕግ ማለቴ ነው። ሕጉ የሚጻፍበት ስልት ደግሞ ከዚሁ አካባቢ ጋር ግንኙነት አለው። ጆን ባከስ የመራው የአይቢኤም ቡድን ፎርትራን የተባለውን ቋንቋ ከነኮምፓይለሩ በ1957 እ.ኤ.አ. አወጣ። ባከስ ከዚያ በኋላ የፕሮግራም ቋንቋን ሰዋስው በአጭር ቀመር መጻፊያ ስልት አበጀ፤ ዴንማርካዊው ፒተር ናውር አሻሻለው፤ ዛሬም በሁለቱ ስም ይጠራል። ባከስ የ1977ቱን የቱሪንግ ሽልማት ሲያገኝ ይሠራ የነበረው ሳን ሆዜ ባለው የአይቢኤም የምርምር ላቦራቶሪ ነበር። ኮምፓይለር «እዚህ ላይ ሴሚኮለን ጠብቄ ነበር» ሲላችሁ እንዲህ ካለ ሕግ ጋር እያመሳከረ ነው።

አሁን አንድ መልእክት እንይ። አንድ የእቁብ ሰብሳቢ የደብተሩን ሥራ የሚያግዝ ፕሮግራም በጃቫ ይጽፋል እንበል፤ አሥራ ሁለት አባል፣ በወር 500 ዶላር። ኮምፓይለሩ መጀመሪያ የፋይሉን ስም ይጽፋል፣ ቀጥሎ 14 ይላል፣ ከዚያ «ኤረር፦ ካኖት ፋይንድ ሲምቦል»። 14 የመስመሩ ቁጥር ነው። «ኤረር» ዓይነቱን ይናገራል፤ «ዋርኒንግ» ቢሆን ኖሮ ማስጠንቀቂያ ነበር። ቀሪው ቅሬታው ነው፦ ይህን ስም አላውቀውም። ከሥሩ መስመር 14 ራሱ ተገልብጦ ይታያል፤ ከመስመሩ ሥር ደግሞ ይህች ምልክት ^ ትክክለኛውን ቦታ ትጠቁማለች። ዝቅ ብሎ «ሲምቦል» ከሚለው ቃል አጠገብ ያላገኘው ስም ተጽፏል። ብዙ ጀማሪ «ኤረር» የሚለውን ቃል አይቶ ወደ ኮዱ ይመለሳል፤ መልሱ ግን ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ ተጽፎ ነበር።

ስሙ ለምን አልታወቀም? ምክንያቶቹ ጥቂት ናቸው። አንድ ፊደል ተሳስቶ ይሆናል። ወይም ስሙ በሌላ ጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ተዋውቆ ከቅንፉ ውጭ ተጠርቷል። ወይም ትልቁና ትንሹ ፊደል ተቀያይሯል። ይህ የመጨረሻው እኛን በተለይ ያስቸግረናል፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለው ልዩነቱን ዓይናችን ቶሎ አይዘውም። ለኮምፓይለሩ ግን ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ስሞች ናቸው።

ያቺ ጠቋሚ ምልክት ሁልጊዜ አልነበረችም። ጂሲሲ የሚባለው በነጻ የሚሰራጭ ኮምፓይለር በ1987 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የመስመር ቁጥርና አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይሰጥ ነበር። ከሳን ሆዜ ጎን ባለችው ኩፐርቲኖ፣ አፕል ውስጥ፣ ክሪስ ላትነር የጀመረው ክላንግ በ2007 ለሕዝብ ሲከፈት ግልጽ የስህተት መልእክትን ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ አደረገ። ጂሲሲም በ2013 ኮዱን ማሳየትና በምልክት መጠቆም ጀመረ። ዛሬ የሚማር ሰው የዚያ ፉክክር ተጠቃሚ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመስመሩ ቁጥር የሚናገረው ኮምፓይለሩ መቀጠል ያቃተው የት ላይ እንደሆነ ነው፤ እናንተ የተሳሳታችሁት ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። «ልጁ ትናንት መኪናውን ይዞ ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ» ብሎ ሳይጨርስ «እናቱ ቡና አፈሉ» ብሎ የሚቀጥል ደብዳቤ የሚያነብ ሰው፣ አንድ ነገር መጉደሉን የሚያውቀው «እናቱ ቡና» ላይ ሲደርስ ነው። የጎደለው ግሥ ግን ከዚያ በፊት መኖር ነበረበት። ኮምፓይለርም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እያነበበ ስለሚሄድ መስመር 13 ላይ የተረሳችውን ሴሚኮለን መስመር 14 ላይ ሊያመለክት ይችላል። የተረሳው ጥምዝ ቅንፍ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ እስኪያልቅ ድረስ ይጠብቅና በመጨረሻው መስመር ላይ «ሪችድ ኤንድ ኦቭ ፋይል ዋይል ፓርሲንግ» ይላል፦ እያነበብኩ ሳለ ፋይሉ አለቀብኝ። ተማሪው የመጨረሻውን መስመር ሲያገላብጥ ያመሻል፤ እዚያ ምንም የለም። ስለዚህ የተጠቀሰውን መስመር አይታችሁ ንጹሕ ከሆነ ወደ ላይ ውጡ፤ አንድ መስመር፣ ከዚያም ሌላ። የሰዋስው ስህተት ከተጠቀሰው ቦታ በታች የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ታዲያ አንዲት ሴሚኮለን ከጎደለች አርባ መስመር ቁጣ ለምን? መልሱ ያለው በጥንቱ አሠራር ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ፕሮግራም የሚጻፈው ሰማንያ ዓምድ ባለው የሚበሳ ካርድ ላይ ነበር፤ አይቢኤም በ1943 ሳን ሆዜ ውስጥ የካርድ ፋብሪካ እስከ መክፈት ደርሷል። ፕሮግራመሩ የካርዱን ክምር ለማሽኑ ኦፕሬተር አስረክቦ ይሄዳል፤ ውጤቱን ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ይቀበላል። ኮምፓይለሩ የመጀመሪያዋን ስህተት አይቶ ቢቆም ኖሮ አሥር ስህተት ለማረም አሥር ቀን ይፈጅ ነበር። ስለዚህ አንድ ስህተት ሲያጋጥመው እስከሚቀጥለው ሴሚኮለን ወይም ቅንፍ ዘሎ እንዲቀጥልና በአንድ ንባብ የቻለውን ያህል ስህተት እንዲለቅም ተደረገ። ችግሩ የዘለለው ክፍል ውስጥ የአንድ ስም መግቢያ ካለ፣ ያ ስም ከዚያ በኋላ በተጠራ ቁጥር «አላውቀውም» ማለቱ ነው። ልክ የሆኑት መስመሮችም ጥፋተኛ መስለው ይታያሉ። ያ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ማየት የሚፈልግ ማውንቴን ቪው ባለው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም እንደገና እንዲሠሩ የተደረጉትን የአይቢኤም 1401 ማሽኖች ሠርቶ ማሳያ ይመልከት።

ካርዱ ቀረ፤ ልማዱ ግን አልቀረም። ዛሬ የቤት ሥራ የሚያህል ፕሮግራም ኮምፓይል ለማድረግ አንድ ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ስለዚህ ወደ ላይ ውጡና የመጀመሪያዋን ኤረር ብቻ አርሙ፤ እንደገና ኮምፓይል አድርጉ። ብዙ ጊዜ አርባው ሦስት ይሆናል። ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን አስቀድሞ ለማረም መሞከር ጤነኛ ኮድ ማበላሸት ነው። ፓይተን የምትማሩ ግን አንድ ልዩነት አለባችሁ፤ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ሲወድቅ የሚያወጣውን ረጅም ዝርዝር ከታች ጀምራችሁ አንብቡት፤ የስህተቱ ዓይነትና ምክንያት የሚጻፈው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው።

የእኛን ሰው ብቻ የሚያጋጥም አንድ ወጥመድ አለ፤ በኮርስ መጻሕፍት አታገኙትም። በስልክም ሆነ በላፕቶፕ የአማርኛ ኪቦርድ ከፍቶ የሚሠራ ሰው፣ ኪቦርዱን ሳይቀይር ወደ ኮዱ ሲመለስ በ; ፈንታ ፤ ይጽፋል፣ በ: ፈንታ ፡ ያስገባል። ለዓይን ይቀራረባሉ፤ ለማሽኑ ግን ዝምድና የላቸውም። አዲሱ ፓይተን በግልጽ ይናገራል፤ ምልክቷን ከነዩኒኮድ ቁጥሯ ጠቅሶ «ኢንቫሊድ ካራክተር» ይላል፤ ድርብ ሰረዝ 1364፣ ሁለት ነጥብ 1361 ነው። የቆዩ የጂሲሲ ቅጂዎች ግን «ስትሬይ» የሚል ቃል ያለበት ሦስት ስህተት በተከታታይ ያወጣሉ፤ 341፣ 215፣ 244 የሚሉ ቁጥሮች ይዘው። አንድ ምልክት ሦስት ስህተት የሆነው ፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው በሦስት ባይት ስለሚቀመጡ ነው። ከወርድ የተቀዳ ኮድም ቀጥ ያለው የጥቅስ ምልክት ወደ ጠማማው ስለሚለወጥ ተመሳሳይ ቅሬታ ያመጣል። መፍትሔው ያቺን ምልክት አጥፍቶ በእንግሊዝኛው ኪቦርድ እንደገና መጻፍ ነው። ስምን በአማርኛ ፊደል መሰየም ግን ይፈቀዳል፤ ጃቫም ሆነ ሦስተኛው ፓይተን «ዋጋ» ወይም «ድምር» የሚል ስም ያለ ችግር ይቀበላሉ።

ስለ ሊንከር አጭር ቃል። በሲ ፕላስ ፕላስ «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» የሚል ነገር ካያችሁና የመስመር ቁጥር ከሌለው ኮዳችሁ ሰዋስውን አልፏል ማለት ነው። የጠራችሁት ሥራ (ፈንክሽን) አካሉ አልተገኘም። ወይ አልጻፋችሁትም፣ ወይ ሁለተኛውን ፋይል በትእዛዙ ላይ ረስታችኋል፣ ወይ ስሙ ተሳስቷል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ኤረር ነው። ኤረር ያስቆማችኋል፤ ስለዚህ ሳታርሙት አትሄዱም። ዋርኒንግ ግን ያሳልፋችኋል፤ ፕሮግራሙ ይሠራል፣ መምህሩ ነጥብ ይሰጣል፣ ጽሑፉም ወደ ላይ ተንሸራቶ ይጠፋል። ከሁለቱ የሚያሰጋኝ ይህ ነው።

ወደ እቁቡ እንመለስ። በሲ የተጻፈ ነው እንበል። «ከፍሏል እኩል ነው ከ1 ጋር ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ሁለት የእኩል ምልክት == ያስፈልጋል። ተማሪው አንድ = ብቻ ጻፈ። አንዱ ምልክት ጥያቄ አይደለም፤ 1ን እዚያ አስቀምጥ የሚል ትእዛዝ ነው። ኮምፓይለሩ ይቀበለዋል፤ ሕጉ ይፈቅዳልና። ውጤቱ፦ አሥራ ሁለቱም አባላት እንደከፈሉ ይመዘገባል። በጃቫ ይኸው ስህተት ኤረር ሆኖ ወዲያው ይያዛል። በሲ ግን ዋርኒንግ ብቻ ነው፤ ያውም ጂሲሲ ካልተጠየቀ አይናገረውም።

መጠየቂያው በኮምፓይል ትእዛዙ ላይ ከሰረዝ ቀጥሎ የሚጻፈው ደብልዩ-ኦል ነው። ስሙ «ሁሉንም» ቢልም ሁሉንም አይሰጥም፤ ደብልዩ-ኤክስትራን ጨምሩበት። ደግሞም ሌላ ጉድለት አለ። ከእቁቡ የተረፈ 1,000 ዶላር ለሦስት ሰው ሲካፈል 333.33 ይመጣል። ውጤቱን ሙሉ ቁጥር ብቻ በሚይዝ ቦታ ብታስቀምጡት ጃቫ «ፖሲብል ሎሲ ኮንቨርዥን» ብሎ ያስቆማችኋል፦ ከቁጥሩ የሆነ ነገር ሊጠፋ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ግን ክፍልፋዩን በዝምታ ይቆርጠዋል፤ አንድ ዶላር የት እንደገባ አይታወቅም። ይህን ለመስማት ደብልዩ-ኮንቨርዥን የሚባለውን ለብቻው መጨመር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ጀማሪ የሚፈተንበት ነገር አለ። መልእክቱን ዝም የሚያሰኝ አጭር መንገድ ይገኛል፤ ከቁጥሩ ፊት በቅንፍ «ኢንት» ብሎ መጻፍ። ቀዩ ይጠፋል፤ ገንዘቡም ይጠፋል። መልእክቱ ያነሳው ጥያቄ ግን እውነተኛ ነው። ገንዘብን በሳንቲም ብትይዙት 100,000 ሳንቲም ለሦስት 33,333 ይደርሳል፣ አንድ ሳንቲም ይተርፋል። እሷ ለማን እንደምትሰጥ መወሰን ያለበት እቁቡ ነው፤ ኮምፓይለሩ ያስታወሳችሁ ይህን ነው።

ባለሙያዎችም ከዚህ አያመልጡም። በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. አፕል ለአይፎን አይኦኤስ 7.0.6 የተባለ አስቸኳይ ማሻሻያ አወጣ። ስልኩ ከአንድ ድረ ገጽ ጋር በምስጢር ሲገናኝ የድረ ገጹን ማንነት በሚያጣራው ኮድ ውስጥ «ጎቱ ፌይል» የምትል አንዲት መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፋ ነበር። የመጀመሪያዋ ከላይዋ ባለው «ኢፍ» ሥር ናት። ሁለተኛዋ ለዓይን ከሥሩ ገባ ብላ ብትታይም በማንኛውም ሁኔታ ትሠራለች፤ ከእሷ በታች ያለው የፊርማ ማጣሪያ ዘወትር ይታለፋል። በአንድ ዋይፋይ ላይ ያለ ተንኮለኛ ሌላ ድረ ገጽ መስሎ መቅረብ ይችል ነበር። ማንም የማይደርስበት ኮድ መኖሩን የሚያስጠነቅቅ ምርጫ ክላንግ ውስጥ በጊዜው ነበር፤ በደብልዩ-ኦል ውስጥ ግን አልተካተተም፤ ለብቻው መጠራት ነበረበት። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ስድስተኛው ጂሲሲ አሳሳች ገባ-ወጣን የሚያስጠነቅቅ አዲስ መልእክት ጨመረ፤ ይህኛውን ደብልዩ-ኦል ውስጥ አስገባው።

ለዕለት ሥራችሁ ከዚህ የሚወጣው ልምድ ብዙ አይደለም። ሃምሳ መስመር ጽፎ አንድ ጊዜ ኮምፓይል ከማድረግ አምስት መስመር እየጻፉ ደጋግሞ ማድረግ ይሻላል፤ አዲስ ስህተት ከመጣ ካለፈው ሙከራ ወዲህ ከጻፋችኋቸው መስመሮች ጋር የተያያዘ ነው። ጨርሶ ካልገባችሁ የተጠረጠረውን ክፍል ወደ ኮሜንት ለውጡና ቅሬታው ይጠፋ እንደሆነ እዩ። «ጥቅም ላይ ያልዋለ» የሚል የስም ማስጠንቀቂያንም አትናቁ፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ላይ ያንኑ ስም አሳስታችሁ እንደጻፋችሁት ይጠቁማል።

አሁን ብዙ ተማሪ መልእክቱን ሳያነብ ቀድቶ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይሰጣል፤ የተስተካከለ ኮድ ይመለስለታል፣ ለጥፎ ይሄዳል። መሣሪያውን አልቃወምም፤ ረዳት ለሌለው ሰው ሌሊት ላይ የሚመልስ ነገር ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መጀመሪያ መልእክቱን ራሳችሁ አንብባችሁ የገመታችሁትን ጻፉ፤ ከዚያ «ግምቴ ልክ ነው ወይ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። የተስተካከለ ኮድ አትጠይቁ። በፈተና ክፍልና በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚፈተነው ያ ግምት ነው።

አንድ ልመና ደግሞ በዚሁ አካባቢ በኢንጂነርነት ለምትሠሩ ወገኖች። ሳን ሆዜ በማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍትም ሆነ ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ባለ ቡና ቤት አንድ ጀማሪ ላፕቶፑን ከፍቶ «ጋሼ፣ እዩልኝ እስቲ» ወይም «እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ሲላችሁ ኪቦርዱን አትቀበሉት። የመጀመሪያዋን ኤረር ጮክ ብሎ እንዲያነባት አድርጉ፤ የፋይሉን ስም፣ የመስመሩን ቁጥር፣ ቅሬታውን። ምን እያለ እንደሆነ በአማርኛ እንዲነግራችሁ ጠይቁት፣ እስኪመልስም ታገሡት። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ባለፈው ሳምንት «ይሠራል» ብላችሁ ያስረከባችሁትን ፕሮግራም ክፈቱና ደብልዩ-ኦልንና ደብልዩ-ኤክስትራን፣ ጃቫ ከሆነ ኤክስ-ሊንትን፣ ጨምራችሁ ዛሬ ማታ እንደገና ኮምፓይል አድርጉት።